ሙሽራ በዝምታ አትሸኝም

ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ እሸጥ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። ምስጋና ለአላህ ይሁን፣ አንዳቸውም ጦማቸውን አላደሩም።

የመጨረሻዋ ልጄ ዐረብ አገር ስትሄድ ቤቱ ባዶ ቀረ። ዕድሜዋ ሞልቶ፣ ውል ፈርማ፣ በሕጋዊ መንገድ ነው የሄደችው። ደግ ሰዎች ቤት ገባች። ትደውላለች፣ ትልካለች። የሣር ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ ናት። ግን ቆርቆሮ አያወራም። መግሪብ ሰግጄ መስገጃዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከሰው ቃል ሳልለዋወጥ ዒሻ ይደርስ ነበር።

መምህርቷን ያወቅኋት በዚያን ጊዜ ነው። ከጎጃም መጥታ እኛ ከተማ የምታስተምር፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ቀጭን ሴት ናት። ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሙዝ ትገዛኝ ነበር። አንድ ቀን ገዝታ አልሄደችም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

“እናቴ፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ እዚህ በር ላይ ነዎት” አለችኝ። “ተማሪዎቼ የሚሄዱት በዚህ በር ነው።”

“ወዴት?”

“እሱን ነው የማላውቀው። ዛሬ ክፍል አሉ፣ ነገ ወንበራቸው ባዶ ነው። ደላላ ነው የሚወስዳቸው። ሕፃኗን ትልቅ ናት ብሎ ፓስፖርት ያወጣላታል። ካልሆነለትም ያለ ፓስፖርት በበረሃ ወስዶ ባሕር ያሻግራል። የደረሱበት የማይታወቅ አሉ።”

“እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ልጄ?”

“ዓይን አለዎት” አለችኝ።

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ከማግስቱ ጀምሮ ማየት ጀመርኩ።

ብዙ አልነበርንም። መምህርቷ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ከቡኢ መጥታ ዳቦ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ከቀበሌው ሴቶች ጉዳይ አንዲት ወጣት አለች። ደሞዝ አልነበረንም። ሥራችንም ቀላል ነበር። ብቻዋን ወይም ከማይመስላት ሰው ጋር የምትሄድ ልጅ ስናይ ሰላም እንላታለን፣ ወዴት እንደምትሄድ እንጠይቃታለን። እንደ ልጄ በውል የምትሄደውን አንከለክልም፤ አላህ ያቅናልሽ ብለን እንሸኛለን። ገና ልጅ ሆና በደላላ እጅ ያለችውን ግን እናቆያታለን፣ ወላጆቿን እናስጠራለን። አንዳንዷ ትሰማን ነበር። አንዳንዷ ተሳድባ ትሳፈራለች።

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ መጀመሪያ ላይ ይስቅብን ነበር።

“ማዘር፣ ጉምሩክ ሆናችሁ እንዴ?” ይለኝ ነበር። “ሴት ልጅ ያለ ፍተሻ አታልፍም?”

“አንተን የሚፈትሽ ባይኖር ነው” ትለው ነበር ዳቦ ሻጯ።

ዓይናችን ቀስ በቀስ ምልክት ለመደ። አዲስ ሻንጣ፣ አዲስ ጫማ፣ ድምፁን ውጦ የሚያለቅስ ዘመድ። ልጅቷ ስትጠየቅ የሚመልስላት ሌላ ሰው። እነዚህን አንድ ላይ ካየን ዝም አንልም ነበር።

አንድ ጠዋት ሁሉንም በአንድ ላይ አየሁ። ወደ ቆሼ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። አዲስ ሻንጣ ጭኗ ላይ ነው። ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ አሉ። መስኮቱ ሥር አንዲት ሴት አፏን በሻሿ ይዛ ታለቅሳለች። ወዴት ነው ስል አንደኛው ወንድ፣ “ምን አገባሽ?” አለኝ። መምህርቷ ክፍል ነበረች። የቀበሌዋ ወጣት ፖሊስ ጠራች፣ እኔም የልጅቷን ክንድ ይዤ አወረድኳት። ስትወርድ ነው እጇ ላይ ሂናውን ያየሁት።

ሙሽራ ነበረች። ኒካሕ ታስሮላት ወደ ባሏ ቤት እየሄደች ነው። ቤታቸው ሐዘን ስለገባበት ያለ ዘፈን፣ ያለ ጭብጨባ አወጧት። ወንዶቹ የባሏ ወንድሞች ናቸው። የምታለቅሰዋ ሴት እናቷ ናት፤ በርበሬ ተራ የምትነግድ፣ ምላሷን ገበያው ሁሉ የሚያውቅላት።

“የሙሽራ ክንድ ይዘሽ ታወርጃለሽ?” አለችኝ። “ልጄ ምን ሰረቀች?”

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“የራስሽን ልጅ ዐረብ አገር ሸኝተሽ፣ በላከችልሽ ቆርቆሮ ሥር ተኝተሽ፣ የሰው ልጅ ከባሏ መኪና ታወርጃለሽ።”

ከቆርቆሮው ሥር መተኛቴ እውነት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ እንዲሁ አይቀርም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የበርበሬ ነጋዴዋ በደሏን ተናገረች፣ እኛ ጥፋታችንን አመንን። ሽማግሌዎቹ ካሣው ምን ይሁን ብለው ሲጠይቋት ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

“ገንዘብ አልፈልግም” አለች። “ልጄ ያለ ዘፈን ወጣች። ሐዘን ስለሆነ ተቀበልነው። በዝምታ መውጣቷ ግን ሰው ፊት እንደ ሌባ አስመሰላት። እነዚህ ሴቶች ቀኑን ሙሉ እዚያ በር ላይ አይደሉ? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ በር ሙሽራ በዝምታ አትለፍ። ቢያውቋትም ባያውቋትም ይዝፈኑላት።”

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ደበቁ። ከዚያ እንዳለችው ፈረዱብን።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘፈን ላይ አልገኝም ነበር። ተጨንቄ የመስጊዳችንን ሼኽ ጠየቅኋቸው።

“ለሙሽራ ማጨብጨብ ችግር የለውም” አሉኝ። “ድምፅሽ መጥፎ ከሆነ ግን በእሱ ላይ ፈትዋ የለኝም።”

የበርበሬ ነጋዴዋ ፍርዱን እየፈጸምን እንደሆነ ልታይ መጣች። የመጀመሪያውን ቀን ሰምታን ጆሮዋን ያዘች። “ይህ ዘፈን ነው ወይስ የመኪና ብልሽት?” አለች። ልታስተምረን ቁጭ አለች። በማግስቱም መጣች። ከዚያ በኋላ መጣች መባሉ ቀረ፤ በርበሬዋን ከበርበሬ ተራ አንስታ እኛ አጠገብ ዘረጋች። እኔን እስከዛሬ “ክንድ ያዧ” ነው የምትለኝ።

የሙሽራ ዘፈናችን በጥያቄ ይጀምራል። መሪዋ “የማን ልጅ ናት?” ትላለች። ሸኚዎቹ የአባቷን ስም ይጠራሉ፣ አባቷን እናወድሳለን። ከዚያ አያቷ ይጠየቃል፣ ከዚያ ጎሳዋ፣ ከዚያ አገሯ። መልኳና ሙሽራው የሚነሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አባት ሳይጠራ ዘፈኑ አይራመድም። መምህርቷም ቃሉን በጉራጊኛ ተማረች። በጎጃም ዜማ ስትለው ሙሽሮቹ በሻሻቸው ሥር ይስቁ ነበር።

ለካ በከተማችን ብዙ ሙሽራ ያልፋል። እስላሟም ክርስቲያኗም ታልፋለች፣ ለሁሉም እናጨበጭባለን። እኔ ለእያንዳንዷ ለመንገድ አንዳንድ ሙዝ እሰጣለሁ። ሰው ያውቀን ጀመር። ድሮ ፊቱን ያዞርብን የነበረው ሁሉ፣ ሙሽራ ሲሸኝ ራሱ ይጠራን ነበር። ልጁ ከቤት ስትጠፋበትም መጀመሪያ ወደ እኛ የሚሮጠው እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ልጄ ስትደውል፣ “እማ፣ ድምፅሽ ተቀየረ። አመመሽ እንዴ?” አለችኝ።

“ዘፋኝ ሆኜ ነው” አልኳት።

በጣም ሳቀች። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

እኛ ያላወቅነው ደላሎቹም እያዩን እንደነበር ነው። እነዚህ ሴቶች በአንድ ሙሽራ ምክንያት ሽማግሌ ፊት ቀርበዋል፣ ከእንግዲህ ሙሽራ አይነኩም ብለው አስበዋል። አስተሳሰባቸው ስሕተት አልነበረም።

ያን ቀን ገበያ ነበር። ከመስቃን ገጠሮች በጋሪና በእግሩ የመጣው ሰው መናኸሪያው ድረስ ሞልቷል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች ይጠብቃል። አንድ ሰው ሙሽራ ይዞ በበሩ ገባ። ሙሽራዋ ፊቷን በቀይ ሻሽ ተሸፍናለች፣ እጇ ላይ ሂና አለ። አንዲት ልጅ ሚዜ ሆና ሻንጣ ይዛ ትከተላለች።

ሰውዬው ሳንጠይቀው፣ “አሰላሙ ዓለይኩም። የሙሽራው ወንድም ነኝ” አለን። “ሙሽራው መርካቶ ነጋዴ ነው፣ ሱቁን ትቶ መምጣት አልቻለም።”

ወዓለይኩም ሰላም አልን። ደስም አለን። የበርበሬ ነጋዴዋ እጇን አራግፋ ተነሣች፣ እኛም ተከተልናት።

“የማን ልጅ ናት?” ብላ ጀመረች።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ አንድ ስም ጠራ። ተቀብለን አጨበጨብን።

“እሱስ የማን ልጅ ነው?”

ጥቂት አሰበና ሌላ ስም ጠራ። አጨበጨብን።

“ጎሳውስ?”

ሰውዬው ወደ ሚዜዋ አየ። ሚዜዋ ወደ መሬት አየች።

“እናቶቼ፣ መኪናው ይሄድብናል” አለ። “ዝም ብላችሁ አጨብጭቡ፣ በቃ።”

ጭብጨባችን ሳሳ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ሰው፣ ዝምድና እንዳይኖር አስቀድሞ የሚያጠራው ጎሳ ነው። የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽራው ወንድም እንዴት አያውቅም?

ተራ አስከባሪው ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኖ፣ “ወንድም፣ እዚህ በትኬት ብቻ አይሳፈሩም፣ በዘር ማንዘር ነው” አለው። ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። የሙሽራዋን ክርን ይዞ ወደ በሩ ገፋት።

እኔ ፈራሁ። ጥርጣሬያችን ልክ ካልሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ሙሽራ አዋረድን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ በር ላይ ማንም አያምነንም፣ ሥራችን ያበቃል። ልክ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ዓይናችን እያየ ልትሄድ ነው። የበርበሬ ነጋዴዋን አየኋት። እሷ የሙሽራ ክንድ የምትይዝ ሴት አይደለችም። አልጮኸችም፣ ፖሊስም አልጠራችም። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው። በቀስታ፣ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዙራ።

“የማን ልጅ ናት?”

ተቀበልናት። መልስ የለም። ደገመችው። ደገምነው። መምህርቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በዚያው ደርሳ ከእኛ ጋር ተቀበለች። ገበያተኛው ቅርጫቱን እያስቀመጠ ያጨበጭብ ጀመር። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሙሽራዋ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች።

ሙዜን ይዤ ተጠጋኋት። ለሁሉም ሙሽራ የማደርገው ስለሆነ ሰውዬው አልከለከለኝም። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። የልጅ እጅ ነው።

“ቢስሚላህ በይ፣ ልጄ” አልኳት።

ቢስሚላህ አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ የአባቷን ስም ጠራች። ሰውዬው የጠራው ስም አይደለም።

ስሙን ጮክ ብዬ ደገምኩት። የበርበሬ ነጋዴዋ ከአፌ ነጥቃ ዘፈኑ ውስጥ አስገባችው። ሕዝቡ ሲቀበል፣ ከገበያተኞቹ መሐል አንዲት ሴት እጇን አነሳች።

“ይህ የጎረቤቴ ስም ነው!” አለች። “ዛሬ ጠዋት አብረን ነው የመጣነው። ልጁን የሚድር ሰው በርበሬ ሊሸጥ ይመጣል?”

አባቷ እዚያው በርበሬ ተራ ነበር። ሰው ሄዶ ጠራው። እስኪመጣ ድረስ ጭብጨባው አልቆመም፤ ማን ያቁመው? ሰውዬው ለመንገድ ውሃ ልግዛ ብሎ ወጣ፣ አልተመለሰም። በኋላ ተይዟል ሲባል ሰማሁ።

አባቷ ሲደርስ ሸሚዙ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበር። ሻሹን ከፊቷ አነሳ። ሕዝቡ ይቆጣታል ብሎ ጭብጨባውን ገታ። እሱ ግን እጆቿን ገልብጦ አያቸው።

“ሂናውን ማን ሠራልሽ?” አላት።

እንባዋ መጣ። “አሥረኛ ክፍል አላለፍኩም” አለችው። “ሳልነግርህ ሄጄ፣ ከዚያ ልልክላችሁ ነበር።”

“እኔ የትኛውን አልፌ ነው?” አላት።

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አለበሳትና እጇን ይዞ ወጣ። አላመሰገነንም። በሚቀጥለው ገበያ ግን አንድ ከረጢት በርበሬ አምጥቶ የበርበሬ ነጋዴዋ እግር ሥር አስቀመጠ። እሷም አንዷን ዛላ ሰብራ አየችና፣ “አልደረቀም” አለችው። እንደ ተደሰተች ያወቅሁት ድምፅዋ ስለተሰበረ ነው።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ሚዜዋ ቀርታ ነበር። ሻንጣውን እንደያዘች ቆማለች። እሷም ልትሄድ ነበር የመጣችው፤ ሚዜነቱ ለእሷ መሸፈኛ ነው። መምህርቷ ስታናግራት ቀና ብላ አየችን።

“ለእሷ አባቷ መጣላት” አለች። “እኔንስ የት ልትመልሱኝ ነው? የአባቴን ስም ልነግራችሁ እችላለሁ። ሞቷል። እናቴም የለችም። አጎቴ ቤት ነው ያለሁት፣ እሱም ሂጂ ብሎኛል። ዝፈኑልኛ፣ እስቲ።”

የቀበሌዋ ወጣት የሆነ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው። ልጅ ማስቀረት ተምረን ነበር፤ ከቀረች በኋላ የት እንደምትገባ አላሰብንም።

“ሙዙን ተሸከሚልኝ፣ ወደ ቤት ልገባ ነው” አልኳት።

ተሸከመችልኝ። በዚያን ቀን መግሪብን ከኋላዬ ቆማ ሰገደች። ዒሻ እስኪደርስ አወራን።

ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። መምህርቷ የማታ ትምህርት አስገባቻት፣ ዳቦ ሻጯ ልብስ ሰፊ ዘመዷ ዘንድ አስቀጠረቻት። የበርበሬ ነጋዴዋ በርበሬ ቅንጠባ አስተማረቻት፣ ዓይኗን ባሸች ቁጥርም ሰደበቻት። ልጄ ስልክ ላይ፣ “በእኔ አልጋ ነው የምትተኛው?” ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። “ጥሩ ነው፣ አልጋው ያረጅ ነበር” አለች። አላህ ይስጣት፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምትልከው ለሁለት ሰው የሚሆን ልብስ ነው።

ዓመታት አልፈው ከወልቂጤ አንድ ልብስ ሰፊ ልጅቷን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላከብኝ። ልጁ ጨዋ ነበር። ነገሩ ሲያልቅ ግን ጭንቀት ያዘኝ። ሙሽራዋ የምትወጣው በዚያው በር ነው። ዘፈኑ ይጠይቃል። ለአጎቷ መልእክት ልከን ነበር፣ አልመጣም። የባለቤቴን ስም ልጥራላት ብዬ አስብ ነበር። ሼኹን ጠየቅኋቸው።

“የአባቷን ስም ከአባቷ ላይ አትውሰጂ” አሉኝ። “ቢሞትም የእሱ ነው። ቤቱ ግን ያንቺ ነው።”

ይህን ለበርበሬ ነጋዴዋ ነገርኳት። “ዘፈን እኮ ቆጮ አይደለም፣ እንደፈለግሽ አትቆርጪውም” አለችኝና ወደ በርበሬዋ ዞረች።

የሰርጉ ቀን ሙሽራው ከዘመዶቹ ጋር ከወልቂጤ መጣ። ልጅቷም ልጄ የላከችላትን ሻሽ ተከናንባ ከቤቴ ወጣች። መናኸሪያው በር ላይ ሁሉም ነበር፤ ያን ጊዜ ሂና የተሠራላት ልጅ ከአባቷ ጋር መጥታለች፣ ከቆሼም በስሕተት ያወረድኳት ሙሽራ ልጅ አዝላ መጥታለች። የበርበሬ ነጋዴዋ መሐል ገባች።

“የማን ልጅ ናት?”

የሟች አባቷን ስም እኔ ጠራሁ። አወደስነው። አያቷንም ጠራሁ፣ ጎሳዋንም፣ አገሯንም። ሁሉንም አስጠንታኝ ነበር። አሁን ወደ መልኳ ታልፋለች ብዬ ስጠብቅ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እስከዚያ ቀን በዚያ በር ላይ ሰምተነው የማናውቀውን ጥያቄ አስገባች።

“ከማን ቤት ወጣች?”

ተቀባዮቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ሙሽራዋ በሻሿ ሥር ወደ እኔ ዞረች።

“ከእኔ ቤት” አልኩ።

“ማዘር፣ አልተሰማም” አለ ተራ አስከባሪው።

“ከእኔ ቤት” አልኩ ደግሜ።

ጭብጨባው ተነሣ። ዘፈኑም ወደ መልኳ አለፈ።